የቀይዋ መኪና ኮቴ

መኪናዋን መጀመሪያ ያየኋት መተማ ዮሐንስ፣ ከአንድ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ግቢ፣ ኒም ዛፍ ሥር ቆማ ነው። ቀይ ናት። ከሁለት ሰው በላይ አትይዝም። ጣሪያዋ ሸራ ነው፤ ሲፈልጉ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ቁመቷ ከወገቤ ብዙም አይበልጥም። እኔ ያኔ የመንግሥት እርሻ ትራክተር ሹፌር ነበርኩ፤ ቀኑን ሙሉ ከፍ ብሎ ተቀምጦ አቧራ ሲበላ የሚውል ሰው እንዲህ መሬት ለመሬት የምትሄድ ነገር ሲያይ ልቡ ቢሸፍት አይፈረድበትም። የእኔ ልብ ሸፈተ።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ሰፋሪው ገና ወደ ቆላው አልመጣም። ቤንዚን በኩፖን ነው፤ መንገዱ በክረምት የዋልካ ጭቃ፣ በበጋ ስንጥቅ ነው። መኪናዋን ልገዛ ነው ስል ያገኘኝ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቀኛል፤ «ሰሊጡን የት ላይ ልትጭነው ነው?» እኔ ሰሊጥ ልጭንባት አልነበረም። ልነዳት ነበር፤ በቃ። ደግነቱ ጊዜው የቀይ ነበርና ቀለሟን የሚቃወም ካድሬ አልተገኘም። እንዲያውም አንዱ ኮፈኗን መታ መታ አድርጎ «ይቺስ ከእኛ ጋር ናት» ብሏል አሉ።

ችግሩ አባቴ ነበሩ።

አባቴ የበቅሎ አዋቂ ናቸው። ከደጋ ወደ ቆላ የወረዱት በቅሎ እየነዱ ነው። ከሳንጃ እስከ ገለጉ በቅሎ የሚገዛ ሰው እሳቸውን ሳያስጠራ ገንዘቡን ከመቀነቱ አይፈታም ነበር። እኔ የበኩር ልጃቸው ሙያቸውን እወርሳለሁ ተብዬ ስጠበቅ ሄጄ ትራክተር ላይ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ስለ ሞተር አንድ ደግ ቃል ከአፋቸው አልወጣም። መኪና ላይም ወጥተው አያውቁም።

ደሞዜ ደግሞ እሳቸው ዘንድ ነው የሚቀመጠው። ያላገባ ልጅ ያገኘውን ለአባቱ ይሰጣል፤ በእኛ ቤት ደንቡ ይኸው ነው። ስለዚህ እሳቸው «ይሁን» ካላሉ መኪና የለም። እውነቱን ለመናገር ግን ነገሩ የገንዘብ ብቻ አልነበረም። ገንዘቡን ሰጥተውኝ ፊታቸውን ቢያዞሩብኝ መኪናዋ ምን ትረባኛለች? እኔ የፈለግሁት ያችን «ይሁን» የምትል ቃል ነበር።

አንድ ቀን እንደምንም ደፍሬ ነገርኳቸው። ጨርሰው ሰሙኝና፣

«ማን አያት?» አሉ።

«የእርሻው መካኒክ ያይልኛል።»

«እሱ ምን ያውቃል? እሱ የሚያውቀው ብረት ነው።»

«አባባ፣ እሷም እኮ ብረት ናት!»

«ትሄዳለች አይደል? የምትሄድ ከሆነ እኔ አያታለሁ።»

በጥር ወር በአንድ እሑድ ጠዋት ዳይሬክተሩ ግቢ ተገናኘን። መካኒኩ ጎጃሜ ነው፤ ሰሊጥ ሊያጭድ እንደመጣ በዚያው ቀርቶ ከሞተር ጋር የተጋባ ሰው። ዘይት የጠገበ ጀላቢያ ለብሶ የመፍቻ ሳጥኑን ተሸክሞ ደረሰ። ከጋላባት ነጋዴዎች የቀዳት አንድ የሱዳን ቃል ነበረችው፤ ደህና የሆነ ነገር ሁሉ በሱ አፍ «ተማም» ነው። አባቴ ደግሞ የክት ነጠላቸውን ለብሰው፣ ዘንጋቸውን ይዘው፣ እንደ ድሮው ለበቅሎ ገበያ እንደሚወጡ ሆነው መጡ።

መካኒኩ ወዲያው ኮፈኑን ከፈተ። አራቱን ካንዴላ ፈትቶ በጨርቅ ላይ ደረደራቸው፤ አፋቸው ቡናማ ነው፣ የደህና ሞተር ምልክት፤ «ተማም!» ካርቡራተሩን ነካካ፣ ራዲያተሩን አየ፣ ፍሬኑን ረገጠ፣ ሞተሩን አስነስቶ ጆሮውን ደገነ። ሞተሯ ስትነሣ የተሰማኝን ደስታ ዛሬም መደበቅ አልችልም፤ የትራክተር ጩኸት ለለመደ ጆሮ ዘፈን ነበር።

አባቴ በዚህ ሁሉ መሐል ራቅ ብለው ቆመዋል። በቅሎ ገዢ መጀመሪያ አይነካም፤ ያያል። ሦስት ጊዜ ዞሯት። ከዚያ ቀረብ አሉና የነጠላቸውን ጫፍ ከፊት መብራቷ ላይ ውልብ አደረጉት። በቅሎ ዓይኗ ደህና መሆኑ የሚታወቀው እንዲህ ነው፤ የምታይ ከሆነ ትደነግጣለች። መኪናዋ አልደነገጠችም። ዳይሬክተሩ ሮጠው ገብተው መብራቱን አበሩና «ታያለች፣ ታያለች!» አሉ። መካኒኩ ፊቱን ወደ ሞተሩ አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

«ጥርሷስ?» አሉ አባቴ።

«ጥርሷ ከሆዷ ነው አባቴ፣ ከማርሹ ውስጥ» አለ መካኒኩ።

«ከሆድ ያለ ጥርስ ዕድሜ አይነግርም» አሉና መዳፋቸውን ከፊት ጀምረው እስከ ኋላ በገላዋ ላይ አሳለፉ። በቅሎ በጀርባዋ የዳነ ቁስል ካለ እጅ ነው የሚያገኘው። ከግራው በር ኋላ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። «እዚህ ላይ ቆዳዋ ወፍሯል።»

«ቀለም ነው አባቴ፤ ደጋግመው ቀብተዋት ነው» አለ መካኒኩ።

ለዳይሬክተሩ መኪናዋ ከሟች ወንድማቸው የደረሰቻቸው ናት። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን እንደ ሻጭ ሁሉ ማሞገሱን ያውቁበታል። ጣሊያን አገር መሠራቷን፣ የሥጋ ዘመዶቿ በእሽቅድምድም ዋንጫ የሚበሉ መሆናቸውን ዘረዘሩ። አባቴ በትህትና አዳመጡና፣ «በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ዘር የተነሣ ነገር የለም።

በመጨረሻ መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ፍርዱን ሰጠ። «ሞተሯ ተማም፣ ፍሬኗ ተማም፣ ፍሪሲዮኗ ተማም። አንተ ሰውየ፣ ግዛት!»

ላቅፈው ስል አባቴ ዘንጋቸውን አነሡ። «ገና መች ሄደችና?»

ከከተማው በታች ኮር የምንለው ደረቅ ወንዝ አለ፤ የክረምቱ ጎርፍ ያመጣው አሸዋ በጋውን ሙሉ ተነጥፎ ይከርማል። መካኒኩ መኪናዋን እየነዳ፣ እኛ በእግር እየተከተልን ወደዚያ ወረድን። አባቴ የግራር ቅርንጫፍ ቆርጠው ሠላሳ እርምጃ ያህል አሸዋ እንደ ቤት ወለል ጠረጉ። «በዚህ ላይ ቀስ ብለህ ሂድ። መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፤ እንዳታዞር» አሉኝ። ሄድኩ። ሠላሳ እርምጃ ብትሆንም በራሴ እጅ ስነዳት የመጀመሪያዬ ነበረችና ፈገግታዬ ከጆሮዬ እስከ ጆሮዬ ደርሶ ወረድኩ።

አባቴ ግን ጎንበስ ብለው ዱካዋን በዘንጋቸው እየተከተሉ ነው። ሄዱ፤ ተመለሱ፤ ተቀመጡ። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣

«የኋላ እግሯ የፊቱን ዱካ አይረግጥም» አሉ።

መካኒኩ ሣቅ አለ። «መኪና እንደ በቅሎ አይደለችም አባቴ። የፊት ጎማና የኋላ ጎማ ስፋታቸው ሊለያይ ይችላል።»

«ቢለያይ በሁለቱም ወገን እኩል ይለያያላ! ና ተመልከት። በግራ በኩል የኋላው ሁለት ጣት ወደ ውጭ ወጥቷል፤ በቀኝ በኩል ሁለት ጣት ወደ ውስጥ ገብቷል። ወገቧን ተመትታለች ልጄ። ፊቷን ወዲያ አድርጋ ወደ ጎን ነው የምትሄድ።»

መካኒኩ ተንበረከከ። ጣቱን በዱካው ላይ አስተኛ፤ በሌላው በኩልም አስተኛ። ሣቁ ጠፋ። ከሳጥኑ ሲባጎ አወጣና በግራ በኩል ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል ለካ፤ ሲባጎውን ቋጥሮ በቀኝ በኩል ዘረጋው። ቋጠሮው አልደረሰም፤ ሦስት ጣት ይቀረዋል። ካቻቢቴውን ይዞ በጀርባው ከሥሯ ገባ፤ ሆዷ ላይ የተቀባውን ካትራም ሲፍቅ ይሰማናል። ሲወጣ ፊቱ በአሸዋና በካትራም ተለውሶ ነበር። ገላዋን የሚሸከመው ብረት፣ ሻንሲው፣ ከግራው በር ኋላ፣ ልክ አባቴ እጃቸው የቆመበት ቦታ ላይ፣ ተሰብሮ ተበይዷል።

«ተማም አይደለችም» አለ፤ እንደዚያ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዳይሬክተሩ ራሳቸውን ያዙ። «በማርያም አላወቅሁም! ወንድሜ አንድ ጊዜ ድልድይ ላይ የጭነት መኪና ትንሽ ነክቶኝ ነበር ሲል ሰምቻለሁ፤ ትንሽ ነው ያለኝ።»

«አምኜዎታለሁ» አሉ አባቴ። «ቢያውቁ ኖሮ እስከ ኮር አይከተሉንም ነበር።» ከዚያ ወደ መካኒኩ ዞረው፣ «ትወድቃለች?» ሲሉ ጠየቁት።

«ብየዳው የደህና ሰው እጅ ነው፤ በልክ ከነዳት አትወድቅም። ጎማ ግን ትበላለች።»

አባቴ ዱካውን በእግራቸው ደመሰሱት። እኔ ይህን እንደ እምቢታ ቆጠርኩትና ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። በማን እንደተናደድኩ እንኳ በውል አላውቅም፤ በአሸዋው፣ በሲባጎው፣ ከሁሉ በላይ ልክ በመሆናቸው በአባቴ። ለመመለስ ዘልዬ ገባሁና ነዳጁን እስከ ጥጉ ረገጥሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኼኔ ነው፤ የኋላ ጎማዋ አሸዋውን በሰማይ በትኖ እስከ ሆዷ ተቀበረች። ዳይሬክተሩ ከነኮታቸው አሸዋ ለበሱ። ሞተሩም ጠፋ።

በእጃችን ቆፍረን፣ ደንጋይና ቅርንጫፍ ከጎማው ሥር ጎዘጎዝን። የሚገፋ ሦስት ሰው ያስፈልጋል፤ መሪ የሚይዝ ደግሞ አንድ። መካኒኩ አባቴን አያቸው። «እርስዎ ቀላል ነዎት አባቴ፤ ይግቡና መሪውን ይያዙልን።»

አባቴ በሩን አዩት፣ ወንበሩን አዩት። ጫማቸውን አራገፉ። ነጠላቸውን አጣፍተው በግራ በኩል፣ በቅሎ እንደሚወጣ ሰው፣ አንድ እግራቸውን አስቀድመው ገቡ። መሪውን በሁለት እጅ እንደ ልጓም ጨበጡት።

«ግፉ!» አሉን፤ ለሷ ደግሞ «መጭ!»

ገፋን። በሦስተኛው ብቅ አለች፤ ወደ ጠንካራው መሬት ስትደርስ ቁልቁለቱን ይዛ በራሷ መንከባለል ጀመረች። እኛ ከኋላዋ ወደቅን። አባቴ መሪውን ወደ ቀኝ አሉት፤ ሄደች። ወደ ግራ አሉት፤ ታዘዘች። ይኼኔ ከዚያች ቀይ ነገር ውስጥ በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቅ ሣቅ ወጣ፤ የአባቴ ሣቅ ነው፣ እንደ ሕፃን የሚንከተከት። ክላክሱንም አገኙት። ዳይሬክተሩ «ፍሬን! ፍሬን ይርገጡ!» እያሉ ይሮጣሉ፤ አባቴ «ኧረ ተዉኝ!» እያሉ ክላክሱን ያስጮሃሉ። ኮሩን አጋማሽ ከሄደች በኋላ አንድ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብታ ቀስ ብላ ቆመች። ስንደርስ ሁላችንም በሣቅ ሆዳችንን ይዘን ነበር፤ ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም።

አባቴ አልወረዱም። መካኒኩ እያለከለከ በሩን ተደገፈና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባቴ፣ እርሻው ውስጥ ሁለት ተጎታች አሉ፤ ጎማ እየበሉ ዓመት ሙሉ አቃጥለውኛል፤ ምክንያቱ ጠፍቶኛል። ነገ መጥተው ኮቴያቸውን ቢያዩልኝ?»

የጭነት መኪና የበቅሎውን ገበያ ከወሰደው ወዲህ፣ ሁለት ዓመት አልፎ፣ አባቴን መጥተው ይዩልኝ ያላቸው ሰው አልነበረም። ዓይናቸው እርጥብ ሆኖ አየሁት፤ ከሣቁ ይሁን ከሌላ አልጠየቅሁም።

«እመጣለሁ» አሉ።

«እንግዲያውስ ማለዳ በቅሎ አስጭኜ እልክልዎታለሁ፤ መንገዱ ሩቅ ነው።»

«ምን አደከመህ» አሉ አባቴ፣ እጃቸውን ከመሪው ሳያነሡ። «ልጄ መኪና አለው።»