በትልልቅ ጎማ ወደ ለሚ ማዶ ለሽምግልና

ቅዳሜ ጠዋት ከሲኤምሲ የተነሳሁት መኪናዬን ትልልቅ ጎማ ላስገጥም ነው። ምክንያቱ የልጄ ጋብቻ ነው። ባለፈው እሑድ ሽማግሌዎቼን ይዤ ከቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ማዶ ወደ ልጅቷ ቤት ስሄድ፣ ከመኪናዬ ሆድ ሥር በኋላ ጎማዎቹ መካከል ያለው ዲፍረንሻል መንገዱ መሃል ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ጭቃ ውስጥ ወርደው በእግራቸው ሄዱ፤ ዘግይተውም ደረሱ። የልጅቷ አባት አቶ ገመቹ በር ላይ አቁመው፣ «እናንተ ካልቸኮላችሁ እኛም አንቸኩልም። እሑድ በዘጠኝ ሰዓት ኑ። ያኔም ካልደረሳችሁ ነገሩ ይቅር» አሏቸው። ልጄ ከዚያ ወዲህ እህል በቅጡ አልቀመሰም።

ሰው ሁሉ የመከረኝ ሞላ ቀይሬ መኪናዋን ከፍ እንዳደርጋት ነው። እኔ ግን ትምህርት ቤት ሳልገባ ሞተር አውርጄ የሰቀልኩ ሰው ስለሆንኩ አሰብኩበት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አቶ ተክሌ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ከፍ ያለ መኪና ላይ አይወጡም። ደግሞም ሞላ የመኪናዋን አካል እንጂ ዲፍረንሻሉን አያነሳም። እሱን ከመሬት የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው። ጎማው በቁመት አራት ጣት ቢጨምር ዲፍረንሻሉ ሁለት ጣት ከፍ ይላል፤ ለዚያ ድንጋይ ሁለት ጣት ይበቃል። ይህን ማንም አላስተማረኝም።

ኦሎምፒያ፣ ጎሚስታው ዘንድ

ጎሚስታው ሙስጠፋ ጎማዎቹን አይቶ ሳቀ።

«ጋሼ፣ የገልባጭ ነው እንዴ? መሪ ሲያዞሩ ፓራፋንጎውን ይበላዋል።»

«አንተ ግጠም።»

«እገጥማለሁ። ኋላ ግን ሙስጠፋ ነው ያበላሸው እንዳይሉ።»

እውነትም መሪውን እስከ መጨረሻው ሳዞር የፊት ጎማው ከላዩ ያለውን የጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎውን፣ ነካ። ከፓራፋንጎው ውስጥ ያለውን ፕላስቲክ በቢላ ቆረጥኩ፤ የላሜራውን ጠርዝ በመዶሻ ወደ ውስጥ አጠፍኩ። ከዚያ አንዱን ጎማ እግረኛ መንገድ ላይ አውጥቼ መሪውን እንደገና አዞርኩ። በጎማውና በላሜራው መካከል ቀጭን ብርሃን ታየ። ያንን ብርሃን እያየሁ ቆሜ ቀረሁ።

ሙስጠፋ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ጋሼ፣ እጅ ሰጥቻለሁ» አለ።

«መስጠት ነበረብህ» አልኩት። ዋጋውን አልጽፍም፤ ባለቤቴ ታነበዋለች።

በቦሌ በኩል ስመለስ ከተማው ሌላ ሆኖ ታየኝ። ሁለት ጣት ብቻ ነው ከፍ ያልኩት፤ ግን የመስታወቱን ፎቅ ሁሉ አዲስ እንደገባ እንግዳ እያየሁ አለፍኩ።

እሑድ፣ ከአስፋልቱ በኋላ

አቶ ተክሌን ከፊት፣ ጎረቤቴን ሐጂ ሁሴንንና የቤተ ክርስቲያን አገልጋዩን ጴጥሮስን ከኋላ ጫንኩ። ከኋላ ያሉት ሁለቱም ሰውነታቸው ሙሉ ነው። በወጉ የልጁ አባት ከሽማግሌ ጋር አይገባምና ሐሳቤ አድርሻቸው ራቅ ብዬ መጠበቅ ነበር።

ድንጋዩ መጣ። ፍጥነት ቀነስኩ። መኪናዋ እንደ ጀልባ በላዩ ተንሳፈፈች። ሐጂ ሁሴን «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ጴጥሮስ «ሃሌሉያ» አለ።

«ሁለታችሁም ተረጋጉ፤ ገና አልደረስንም» አሉ አቶ ተክሌ።

አፋቸውን ሳይገጥሙ ጉድጓድ ውስጥ ገባንና ከኋላ ግርርር የሚል ድምፅ ተሰማ። ጎማ ጎማ ሸተተ። ወርጄ ሳይ የኋላው ጎማ ፓራፋንጎውን እየታከከ ነው።

«ደጀኔ፣ ባዶዋን ነው እንዴ የለካሃት?»

«መኪና የሚለካው ባዶውን ነው፣ አቶ ተክሌ።»

«እኛ ታዲያ ባዶ ነን?»

ከፊታችን ያለው መንገድ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው፤ ላሜራው ጎማውን ከቀደደው ያበቃልናል። ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ሽማግሌ ደግሞ ሁለተኛ በእግሩ አይደርስም። ሐጂ ሁሴን ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «እዚያ ቤት መታየት የሌለበት አንድ ሰው መኪናው ውስጥ አለ» አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

መሪዬን ለሰው ሰጥቼ አላውቅም። ለጴጥሮስ ሰጠሁት። እሱ ከኋላ ወደ እኔ ቦታ ሲመጣ የኋላዋ ቀለል አላት፤ ከጉድጓድ ጉድጓድ ድምፅ ሳታሰማ ሄደች። የራሴን ሥራ ከውጭ ሆኜ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ጎማው ፓራፋንጎውን ሞልቶት፣ ሳይነካው ይሽከረከራል። በአንድ በኩል እሑድ ስለሆነ ጸጥ ያሉት የፋብሪካ ጣሪያዎች፣ ከፊቷ የረር ተራራ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

መንገድ ዳር በቆሎ እሸት ከምትጠብስ ሴት ገዝቼ ቆሜ በላሁ።

«አባባ፣ መኪናው ጥሎዎት ሄደ?»

«የኔ መኪና ነው።»

«እሺ» አለች። አላመነችኝም።

ብዙ ቆየሁ። ለልጄ የምለውን እያሰብኩ ነበር። ድንገት ከወዲያ ግርርር የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሲሄዱ አልነካም፤ አሁን ነካ። ያለ ምክንያት አይነካም፤ ከኋላ ሰው ተጨምሯል። ማን?

መኪናዋ አጠገቤ ቆመች። አቶ ገመቹ ከሐጂ ሁሴን ጎን ተቀምጠው መስኮቱን አወረዱ።

«አማቼ መንገድ ላይ ቆሞ በቆሎ አይበላም። ይግቡ።»

ተጠጋጉልኝና ገባሁ። ጎማው እስከ ቤታቸው ድረስ ጮኸ፤ ማንም ልብ አላለውም።

ሲኤምሲ፣ ማታ

ትልቅ ጎማ የሚለካው ሰው ተጭኖ ነው። ይህንንም ራሴ ነኝ ያገኘሁት።

ለልጄ አልደወልኩለትም፤ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም። በሩን ከፍቶ ፊቴን ለማየት ፈራና ጎንበስ ብሎ ጎማውን አየ።

«አባዬ፣ ፓራፋንጎው ተፍቋል እኮ። ማንን ጭነህ ነው?»

«አማትህን» አልኩት።