በመጀመሪያው «በቃኝ»

የበደለችኝ አማቴ ዘነቡ ናት፤ ኮምቦልቻ ቤቷ በሙሽርነት ከገባሁበት ጥር ጀምሮ። ያኔ «እትዬ» እና «እርስዎ» እላት ነበር። አሁን አልልም። ትናንት የልጄ ሚስት ገበታ ላይ አቀርቅራ «በቃኝ እማዬ» ስትለኝ ነው ያስታወሰችኝ።

ያደግሁት ኩታበር ነው። እኛ ዘንድ ሰው እየራበውም «በቃኝ» ይላል። የቤቱ እመቤት «በሞቴ» ትላለች፤ አሁንም እምቢ ይላል። «አፈር ስሆን» ሲባል ነው እጁን የሚሰደው። በመጀመሪያው እሺ ያለ ስድ ይባላል። ዘነቡም ይህን አሳምራ ታውቃለች። ሁለት ጎርሼ «በቃኝ» ስላት «እሺ ልጄ» ብላ መሶቡን ከደነችው። በማግስቱም እንዲሁ። ጓዳው ይቆለፋል፤ ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው። ሙሽራ ደግሞ ራበኝ አትልም። ወዲያው ነፍሰ ጡር ሆንኩ።

ባሌ ጭነት መኪና ይዞ አሰብ ይመላለሳል። እሱ የመጣ ዕለት «በሞቴ! አፈር ስሆን!» እያለች ታጎርሰኛለች።

«እናቴ እንዴት ትሳሳልሻለች!» ይለኛል። ምን ብዬ ልንገረው?

ከፋሲካ በኋላ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ እህቷ ቤት ሄድን። የዶሮው ሽታ በር ላይ ተቀበለን። እህቷ ልታጎርሰኝ ስትነሳ ዘነቡ ሳቀች።

«ተዪያት እቴ! እሷ እንደ ወፍ ናት፣ እህል አይስማማትም።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ሲደርስ ዓይኔ ጨለመብኝ። አጠገቤ የተቀመጡ የደጋን አገር ሴት እፍኝ ቆሎ አውጥተው «ያዢ» አሉኝ። አንዴ ብቻ። ሁለት እጄን ዘረጋሁ።

«ወላሂ፣ ይቺ ልጅ ተርባለች!» አሉ፣ ያውቶቡሱ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«ከመንገደኛ ለመንሽ?» አለችኝ ዘነቡ ስንወርድ። «ቤቴን አዋረድሽው።»

ባሌ ሲመጣ እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ እንድጠይቅ አደረገኝ። ጠየቅሁ። ልጄ መስከረም ላይ ተወለደ፤ እፍኝ አይሞላም ነበር።

ትናንት ለዚያው ልጄ ሚስት ሦስቴ «በሞቴ» አልኳት፤ በላች። ደግ ሆኜ አይደለም። ሰው በጨዋነቱ እንዴት እንደሚታሰር ስለማውቅ ነው።

ዘነቡ ስታረጅ፣ ዓይኗ ሲደክም፣ እኔ ቤት ገባች። ምሳ አቀረብኩላት። ሁለት ጎርሳ «በቃኝ ልጄ» አለችና ጠበቀች።

«እሺ እትዬ» ብዬ መሶቡን ከደንኩት። በማግስቱም እንዲሁ።