ከውጤቱ በፊት የመጡት ሰዎች

ባለፈው ሳምንት ልጄ ቤቲ አዲስ የጨርቅ ቦርሳ ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ከትምህርት ቤት መጣች። የዩኒቨርሲቲ ሰዎች መጥተው ለአሥራ አንደኛ ክፍሎች ያደሉት ነው። «ማሚ፣ የዘንድሮ ማርካችንን ነው አሉ የሚያዩት፤ የማትሪኩን አይጠብቁም» አለችኝና ፍሪጁን ከፍታ ቆመች። እኔ ገና ከሱቅ መግባቴ ነው፤ ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። ኮዝሞ ሲቲ ካለው ሱቃችን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለ ሰው ማታ እግሩን ለማንሳት ራሱን መለመን አለበት። «ጥሩ ነው» አልኳትና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

እኔ ዘንድም መጥተው ነበር። ያኔ የምንኖረው ቴምቢሳ የሚባል ሰፈር ነው፤ እኔም እንደ ቤቲ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ወሩ ጁን ስለነበር ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በየሜዳው ደረቅ ሣር ስለሚቃጠል ዩኒፎርማችን ሁሉ ጭስ ጭስ ይሸታል። ዝናብ የሌለውን የዚህን አገር ክረምት እስከ ዛሬ አልለመድኩትም። በእረፍት ሰዓት ከጓደኛዬ ከኖምሳ ጋር ማግዊንያ፣ ያ በዘይት የሚጠበሰው ትኩስ ሊጥ፣ እየበላን ሳለ አዳራሽ ግቡ ተባልን። ቀይ ጃኬት የለበሰች ሴት መድረኩ ላይ ቆማ እንግሊዝኛውን ከዙሉ እየቀላቀለች አስረዳችን። ማመልከቻ የሚከፈተው በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው፣ ሴፕቴምበር ላይ ይዘጋል፣ ቦታ የሚሰጠው ደግሞ በአሥራ አንደኛ ክፍል ውጤት ነው አለች። እኔ ፋርማሲ መማር ነበር የምፈልገው። እየሮጥኩ ነው ቤት የገባሁት።

አባቴ ወደዚህ ከመምጣቱ በፊት ሆሳዕና ብዙ ዓመት አስተምሯል። እዚህ ግን አስተማሪነቱን የጠየቀው የለም። ከብረት ፍርግርግ ኋላ ቆሞ ዳቦና ሻማ ይሸጣል፤ ደንበኞቹ «ማይ ፍሬንድ» ይሉታል፣ እሱም በዙሉ «ሳውቦና» እያለ ሰላምታ ይሰጣቸዋል። የቀረችው ክብር የትምህርት ነገር ሲነሳ ብቻ ነበረች። ያን ጊዜ ድምፁ ይለወጣል፣ ወገቡም ቀጥ ይላል፤ ቤታችን ውስጥ በዚህ ጉዳይ የሚከራከረው አልነበረም።

የነገርኩትን እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ፈተናው ሳይሰጥ ማን ነው ቦታ የሚያድለው ብሎ ጠየቀኝ። በኛ አገር ልጅ ይፈተናል፣ ውጤት ይወጣል፣ መንግሥት ይመድባል። ደህና ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ተማሪ ፍለጋ በየሰፈሩ አይዞርም፤ የሚዞረው ያጣ ነው። ጥርጣሬው መሠረት የለውም አይባልም፤ በዚያ ዘመን መሀል ከተማ በየፎቁ የማይታወቅ ኮሌጅ ይከፈት ነበር። እዚህም የመጨረሻውን ፈተና ማትሪክ ማለታቸው ደግሞ ይበልጥ አዘናጋን።

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት አይባልም» አለኝ። «አንቺ አጥኚ። ውጤቱ ይውጣ፣ እጅሽን ይዤ እኔው እወስድሻለሁ።»

አመንኩት። ለምን አላምነውም? አስተማሪ ነው፣ አባቴም ነው። ኖምሳ በማትሪክ ዓመታችን አመለከትሽ ወይ እያለች ትጨቀጭቀኝ ነበር፤ ውጤቱን እየጠበቅን ነው ስላት ግራ ገብቷት ታየኛለች። ሴፕቴምበር እንዲሁ አለፈ። የጃካራንዳው ሐምራዊ አበባ መንገዱን ሲሸፍነው ፈተና ገባን።

ጃንዋሪ ላይ ውጤቱ ወጣ፤ ከጠበቅነው በላይ ነበር። አባቴ በግ አረደ። የጸሎት ቤታችን ሰዎች መጥተው ዘመሩ፣ ባረኩኝ፣ እስኪጨልም በሉ። አባቴን እንደዚያ ቀን ሲስቅ አይቼው አላውቅም። በማግስቱ የእሁድ ሱፉን ለብሶ በታክሲ ወሰደኝ። ከዩኒቨርሲቲው አጥር ውጭ ረጅም ሰልፍ ነበር፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። አባቴ ግን ከረባቱን እንኳ አላላላም።

ከመስኮቱ ኋላ የተቀመጠችው ሴት እሷም ደክሟት ነበር። ውጤቴን አይታ አደነቀች፤ መቼ እንዳመለከትኩም ጠየቀችኝ። አባቴ ውጤቱ ገና አሁን መውጣቱን በዚያ በቀስታ በሚናገረው የአስተማሪ እንግሊዝኛው አስረዳት። ሴትዮዋ አልተቆጣችም። የፋርማሲው ቦታ ዓምና ባመለከቱ ልጆች ተይዞ ማለቁን ነገረችው። ልጄ እኮ በጣም ጥሩ ነው ያመጣችው፣ አለ። አሁንም ደገመላት።

«አውቃለሁ፣ ባባ» አለችው፤ «ግን ዘግይታችኋል።»

ወደኔ ዞረ። እንግሊዝኛው ሁሉ ከአፉ ጠፍቶ በአማርኛ «ውጤቱን እየጠበቅን እኮ ነበር። ንገሪያት» አለኝ። ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀችና ቀጣዩን ሰው ጠራች።

ስንመለስ የታክሲው መናኸሪያ ላይ የተጠበሰ በቆሎ ገዛልኝ። የከሰዓት በኋላው ነጎድጓድ ጀምሮ ስለነበር እየሮጥን ታክሲ ውስጥ ገባን፤ የኋላው ወንበር ላይ ተጣብበን ተቀመጥን። በቆሎው እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

በዓመቱ አመለክታለሁ ብለን ነበር። ዓመቱ ሳይጋመስ ግን ሱቃችን ተዘረፈ፤ እንደገና ከባዶ ጀመርን። ቀጥሎ እሱን ስኳር በሽታ ያዘው፣ ከሱቁ ፍርግርግ ኋላ በሱ ፈንታ እኔ ቆምኩ። ከዚያ ትዳር፣ ከዚያ ልጆች። ኖምሳ ከእኔ ባነሰ ውጤት ገብታ ተማረች። ብዙ ዓመት በልቤ ተቀይሜዋለሁ፤ ኋላ መቀየሙም ደከመኝና ተውኩት። አባቴ አልዋሸኝም። የሚያውቀው ነገር እውነት ነበር፤ የሌላ አገር እውነት መሆኑ ነው የጎዳን።

አሁን ከእኛ ጋር ይኖራል፤ አርጅቷል። እሁድ አምልኮ ሲያልቅ ከዘራውን ተደግፎ በር ላይ ይቆምና የሚወጣውን ልጅ ሁሉ ስንተኛ ክፍል ነህ፣ አመለከትክ ወይ እያለ ይይዛል። ዘጠነኛ ክፍሎችን ሳይቀር፣ ነገሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው፣ ለአሥረኛ ስታልፉ ቀላሉን ሒሳብ እንዳትመርጡ፣ ኋላ ብዙ የዩኒቨርሲቲ በር ይዘጋባችኋል ይላቸዋል። ወጣቶቹ ገና ሲያዩት በጎን በር ያመልጣሉ። ስለ እኔና ስለዚያ ቀን ግን አንስቶ አያውቅም።

ትናንት ከጸሎት ቤት ስንመለስ መኪና እየነዳሁ ነበር። ቤቲ ከኋላ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታለች። አባቴ ውጭ ውጭውን እያየ ለሠራተኞች የማታ ትምህርት እንዳለ በር ላይ ከሚይዛቸው ልጆች መስማቱን ነገረኝ።

«አንቺስ፣ ምሕረት» አለ፣ «መቼ ነው የምታመለክቺው?»

«ደክሞኛል አባዬ።»

«እኔም ደክሞኛል» አለኝ። «ግን ሴፕቴምበር ላይ ይዘጋል።»

መንገዱ በዕንባ ደበዘዘብኝ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ እግሬ ክፍል ገብቼ ከልጆች ጋር ልቀመጥ? ነገሩ ያስቃል። ለሌላ ሰው ቢሆን አይሆንም ብዬ እገላገል ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ይቅርታውን ስጠብቅ፣ እሱ ለካ እንዲህ አድርጎ ሊጠይቀኝ ኖሯል። እምቢ ማለት አቃተኝ።