ጋሽ አሳምነው በቤልፋስት ግንብ ላይ የጻፉት

ሚኒሶታ፣ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ውስጥ ባለ አምስት ፎቅ አፓርትመንት አለ፤ ሊፍቱ አንድ ነው። ጋሽ አሳምነውና አቶ ተወልደብርሃን አራተኛው ፎቅ ላይ በር ለበር ይኖራሉ። ሦስት ዓመት ተኩል ሙሉ ግን አንዳቸው ሊፍቱን ከያዙ ሌላኛው ደረጃውን ይይዛሉ። ሁለቱም ወደ ሰባ እየተጠጉ ነው፤ የሁለቱም ጉልበት በረዶ መምጣቱን ከቴሌቪዥኑ ቀድሞ ይናገራል። ኩራት ግን ጉልበት የለውም፣ አያመውም። ባለቤቱ እያነከሰም ቢሆን ይወጣል።

ድሮ እንዲህ አልነበሩም። ሃያ ሁለት ዓመት ታክሲ ነድተዋል። ኤርፖርት ወረፋ ሲጠብቁ ጋሽ አሳምነው መስኮቱን ዝቅ አድርገው ሁለት ስንኝ በዜማ ይወረውራሉ። አስመራ በአማርኛ የተማሩት ተወልደብርሃን ደግሞ ከኋላ ካለው መኪና ቤት አስመትተው ይመልሳሉ። ከዜሮ በታች ሃያ በሆነ ብርድ መስኮት ከፍተው የሚገጥሙ ሁለት ሽማግሌዎች! ሶማሊው ሾፌር እንኳ ቋንቋው ሳይገባው ያጨበጭብ ነበር።

ከዚያ የአገር ቤቱ ጦርነት በስልክ ሚኒሶታ ገባ። አንድ ቀን ለጋሽ አሳምነው የአራት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ደረሳቸው። መልእክቱ በማሲንቆ ይጀምራል። ጋሽ አሳምነው ማሲንቆ ሲሰሙ ሆዳቸው አይችልም፤ ግማሽ ደቂቃ ሰምተው፣ እንባቸውን ጠርገው፣ በሊቀመንበርነት ለሚመሩት እድር የስልክ ግሩፕ ፎርዋርድ አደረጉት። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ተናጋሪው የተወልደብርሃንን ወገን እናት አባት እየጠራ ይሳደባል። ተወልደብርሃን ደግሞ ማንኛውንም ነገር እስከ መጨረሻው የሚያዳምጡ ሰው ናቸው።

"አሳምነው፣ ይኼን ሰምተህ ነው የላክኸው?"

አልሰማሁትም ቢሉ ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ። ግን የእድር ሊቀመንበር ሳይሰማ ይልካል ሊባል? "አዎ፣ ሰምቼ ነው!" አሉ።

እድሩ ለሁለት ተሰነጠቀ። አርባ አንድ አባላት፣ ሁለት ሊቀመንበር፣ ሁለት ማኅተም። ሚኒሶታ ውስጥ ሰው ሲሞት ሬሳው መጀመሪያ የሚጠየቀው "የየትኛው እድር ነህ?" ተብሎ ነው እየተባለ ይቀለድ ጀመር።

እንዲህ ሆነው ሦስት ዓመት ተኩል ካለፈ በኋላ ሊፍቱ ውስጥ አንድ ወረቀት ተለጠፈ። ቅዳሜ ጠዋት የአፓርትመንት 412 ዕቃ ስለሚጫን ሊፍቱ ይያዛል ይላል። 412 የተወልደብርሃን ቤት ነው። ዉድበሪ ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነው። ጋሽ አሳምነው ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበቡት። ዉድበሪ በመኪና ግማሽ ሰዓት ናት፤ ለተኳረፈ ሰው ግን ከአስመራም ትርቃለች። በር ለበር ሆነው ያልታረቁ፣ ከተማ አቋርጠው ሊታረቁ ነው? ከቅዳሜ በፊት ካልሆነ፣ ሊሆን አይደለም።

ያን ሳምንት ነርስ የሆነችው የጋሽ አሳምነው ልጅ ዮሐና ለስብሰባ ሰሜን አየርላንድ፣ ቤልፋስት ትሄድ ነበር። "አባዬ፣ ካም ዊዝ ሚ" አለቻቸው። ሄዱ፤ ሸሹ ማለት ይሻላል።

ቤልፋስት ጎብኚ የሚመላለሰው በአሮጌ ጥቁር ታክሲ ነው፣ ሾፌሩም አስጎብኚ ነው። የእነሱ ሾፌር ዶናል ይባላል። ጋሽ አሳምነው ታክሲ ነጂ እንደነበሩ ሲሰማ ከፊት አስቀመጣቸው። በየግድግዳው ላይ የሞቱ ወጣቶች ፊት ከነስማቸው ተሥሏል። ቀጥሎ ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ የሚወጣ፣ ሰፈሩን ለሁለት የከፈለ ግንብ መጣ።

"በዚህ ካቶሊክ፣ በዚያ ፕሮቴስታንት" አለ ዶናል። "በሩ ማታ ይዘጋል፣ ጠዋት ይከፈታል።"

"ክርስቶስ አንድ አይደለም?"

"አንድ ነው።"

"ዝናቡስ?"

"እሱማ ለሁላችንም እኩል ነው።"

"ሻዩስ?"

"ሻዩም አንድ ነው።"

"ታዲያ በምን ትለያያላችሁ?"

"ስምህን ስትነግረኝ፣ የተማርክበትን ትምህርት ቤት ስትጠራ አውቅሃለሁ።"

ጋሽ አሳምነው ከንፈራቸውን መጠጡ። "ምስኪኖች! በስም ይለያያሉ እኮ፣ ዮሐና! አንድ ሰፈር እየኖሩ አይነጋገሩም! እንዲህ ያለ ሕዝብ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

ዮሐና አባቷን ትኩር ብላ አየች። "ዳድ፣ አር ዩ ሲሪየስ?"

"ምነው?"

"ናቲንግ፣ አባዬ።"

ምሳ ሰዓት ላይ ዶናል አንድ መጠጥ ቤት አስገባቸው። ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ያለ አንዳች መሣሪያ፣ በአይሪሽ ቋንቋ ያንጎራጉራል። ሌላ ሽማግሌ አጠገቡ ተቀምጦ የዘፋኙን እጅ ይዟል፤ ዜማው ሲዞር እጁን ቀስ አድርጎ እንደ ወፍጮ ያዞርለታል። ቤቱ ጸጥ ብሏል።

"እጁን ለምን ይይዘዋል?" አሉ ጋሽ አሳምነው በሹክሹክታ።

"ዘፈኑ የሐዘን ነው። ሰው እንዲህ ያለውን ብቻውን ዘፍኖ አይችለውም" አለ ዶናል።

ጋሽ አሳምነው የምሳቸውን ድንች ትተው መሐረባቸውን አወጡ። በብርድ የተከፈተው የሁለት ታክሲዎች መስኮት ታያቸው። እሳቸው ሦስት ዓመት ተኩል ስንኝ ወርውረው የሚቀበል አላገኙም፤ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሲሞክሩት ውኃው ብቻ ነው የሚመልስ።

ከምሳ በኋላ ወደ ግንቡ ተመለሱ። ጎብኚ ሁሉ በማርከር የሰላም ቃል ይጽፍበታል። ዶናል አንድ ማርከር ሰጣቸው። ጋሽ አሳምነው ባዶ ቦታ ሲፈልጉ ዓይናቸው በአማርኛ ላይ አረፈ።

"ለአየርላንድ ሕዝብ ሰላም እንመኛለን። እኛ ተመስገን ግንብ የለንም" ይላል አንዱ።

ከሥሩ በሌላ ቀለም፦ "ለእናንተ ነው የሌላችሁ!"

ከዚያ ሥር፦ "አንተ ደፋር፣ ስምህን ጻፍ!"

ጋሽ አሳምነው ለአየርላንድ ያዘጋጁትን ምርቃት እዚያው ረሱት። ደማቸው ፈላ። በትልልቅ ፊደል "ግንቡን የጀመራችሁት እናንተ ናችሁ! እናውቃችኋለን! አሳምነው ነኝ፣ ከሚኒሶታ!" ብለው ጻፉ። ሦስት ቃለ አጋኖ።

ዞር ሲሉ ዶናል ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል። ሰው በሰፈሩ ቁስል ላይ ሰላም ሲጽፍለት ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋል መሰለኝ። ጋሽ አሳምነው አፈሩ። የሚሰርዙበት አልነበራቸውም፤ ባዶ የቀረውም ከመሬቱ አጠገብ አንድ ጥግ ብቻ ነው። ጉልበታቸው እየተንቋቋ ተንበረከኩና በትናንሽ ፊደል እንዲህ ጻፉ፦

ይህስ የድንጋይ ነው፣ ነግቶ ይከፈታል፤
የኔና ያንተን ግንብ በምን ያፈርሱታል?

"ምንድን ነው የጻፍከው፣ አባዬ?" አለች ዮሐና። አማርኛ ትሰማለች እንጂ አታነብም።

"ሰላም ነዋ።"

ልጅት ኮራች። ግንቡን ከነአባቷ ፎቶ አንስታ "አባቴ ለሰላም ሲጽፍ" ብላ በእንግሊዝኛ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀችው።

ዓርብ ማታ ሚኒያፖሊስ ሲያርፉ ሁለቱም እድሮች አስቸኳይ ስብሰባ ጨርሰው ነበር። የጋሽ አሳምነው እድር "ሊቀመንበራችን በአውሮፓ ምድር እውነቱን ተናገሩ" ብሎ አጨበጨበ። የተወልደብርሃን እድር ከአየርላንድ ግንብ ላይ በይፋ እንደተሰደበ ቃለ ጉባኤ ይዞ ማኅተም መታበት። የዚሁ እድር ገንዘብ ያዥ ወይዘሮ ባየሽ "ግንቡን በሕግ መክሰስ ይቻላል ወይ?" ብለው ጠየቁ። ከመሬቱ አጠገብ ያለውን ትንሽ ጽሑፍ ያየ አልነበረም። ማን ጎንበስ ብሎ ያነባል?

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ አሳምነው በራቸውን ከፍተው 412 ፊት ቆሙ። ለማንኳኳት እጃቸውን አነሡ፤ አወረዱ። ከውስጥ የካርቶን ማሸጊያ ሲላጥ ይሰማል። እጃቸውን እንደገና አነሡ፤ እንደገና አወረዱ። ወደ ደረጃው ሲያመሩ ሊዘጋ የነበረው የሊፍቱ በር ተመልሶ ተከፈተ። ተወልደብርሃን አሮጌ ሬዲዮ ታቅፈው ውስጥ ቆመዋል።

"አሳምነው!"

"አቤት!" ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ፣ ሳያስቡት አመለጣቸው።

"ያን መልእክት ሰምተህ ነበር የላክኸው?"

ጋሽ አሳምነው የደረጃውን ብረት ያዙ። "አልሰማሁትም፣ ተወልዴ። ማሲንቆውን ብቻ ነው። አስለቀሰኝና ላክሁት።"

"ይህን ለማለት አየርላንድ ድረስ መሄድ ነበረብህ?"

"አንተስ ታችኛውን ጽሑፍ አየኸው?"

"እስከ መጨረሻው አይደል የማነብ? ፎቶውን ስልኬ ላይ አስፍቼ፣ አስፍቼ... ዓይኔ ጠፋ!" ተወልደብርሃን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ በዚያ በኤርፖርቱ ወረፋ ዜማ፣ ሬዲዮአቸውን እንደታቀፉ፦

ምን ግንብ አለን እኛ? ደረጃ ነው ያለን፤
ሊፍቱ ሳይዘጋብን፣ ግባ ጉልበት ሳለን።

ሊፍቱ ጢጥ ጢጥ ማለት ጀምሮ ነበር። ጋሽ አሳምነው ገቡ። ሬዲዮውን በአንድ በኩል ይዘው አገዙ፤ ሳያስቡትም የወዳጃቸው እጅ እጃቸው ውስጥ ገባ።

ሊፍቱ ምድር ቤት ደረሰ። ዕቃ ጫኚዎቹ ወደ ላይ ሊወጡ ባዶ ጋሪ ይዘው ይጠብቃሉ፤ "ትወርዳላችሁ ወይስ አትወርዱም?" አሉ።

"አንድ ያልተመለሰ ስንኝ አለ" ብለው ተወልደብርሃን እንደገና አራትን ተጫኑ።