ልጁ በእግሩ እስኪሄድ ድረስ

ልጅ ሳለሁ፣ አራተኛ ክፍልን ሳላጋምስ፣ ከመቱ ወደ ኖፓ ሄጄ የሰው ልጅ ሳዝል ከረምኩ። ማንም ጎትቶ አልወሰደኝም። የአባቴ የአክስት ልጅ እትዬ አስካለ ኖፓ ላይ ሻይ ቤት ነበራት፤ ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤቱ የሚያድርበት ቀን ጥቂት ነው። በጥር ወር ኦብሳ የሚባል የሰባት ወር ልጇን ታቅፋ መጣችና «ይህችን ልጅ አውሱኝ፤ እጄ ተያዘ» አለች። አባቴ ትምህርቴን ሲያነሳባት «ልጁ በእግሩ እስኪሄድ ድረስ ነው እንጂ ላስቀራት መሰለህ እንዴ! ለመስከረም ትደርሳለች» ብላ ሳቀች። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «እስከዚህ ቀን ብትዪን ጥሩ ነበር» ስትል አባቴ ገላመጣት። በእኛ ቤት ወግ ቀን የሚቆረጠው ለባዕድ ነው፤ ዘመድን «እስከ መቼ?» ብሎ መጠየቅ አላምንሽም እንደማለት ይቆጠራል። እናቴ ወደ ጓዳ ተመለሰች። ውሉ በዚያው ጸደቀ፤ ልብሴ በአንድ ፌስታል ገባ።

ኖፓ ላይም ዝናቡ እንደ መቱ ነው፤ አባራ ሲሉት ይመለሳል። ግቢው ጭቃ፣ የሻይ ቤቱ ወለል ዘወትር እርጥብ ነበር። እትዬ አስካለ በመጀመሪያው ቀን አጥብቃ ያዘዘችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ከጀርባሽ እንዳታወርጂው። ይህ መሬት ብርዱ ልጅ ይመታል።» እኔም አላወረድኩትም። ጠዋት በነጠላ ታስሮልኝ ማታ ይፈታልኛል፤ ብርጭቆ ሳጥብም፣ ምሳዬን ስበላም፣ የሚማሩት ልጆች ደብተራቸውን በፌስታል ሸፍነው ሲያልፉ በሩ ላይ ቆሜ ሳያቸውም ኦብሳ ጀርባዬ ላይ ነው። እየከበደኝ ሲሄድ ደስ ይለኝ ነበር። ከከበደ አድጓል፣ ካደገ ይሄዳል፣ ያኔ እኔም ቤቴ እገባለሁ እያልኩ።

ማታ ማታ ደንበኛ ሲያልቅ፣ የኦብሳ ወንድ አያት አባባ ለሜሳ ከምድጃው አጠገብ ዱካቸው ላይ ይቀመጡና ተረት ይነግሩን ነበር። በጉልምስናቸው ያዮ ጫካ ውስጥ ቀፎ ሲሰቅሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጋቢያቸው ስንቴ ቢታጠብ የጭስ ሽታ አይለቀውም። መብራት ብዙ ጊዜ ስለሚጠፋ ያኔ የሚታየኝ የፍሙ ቅላትና ኩራዙ ግድግዳው ላይ የሚያገዝፈው የሳቸው ጥላ ብቻ ነበር፤ አማርኛቸውን በኦሮምኛ እያዋዙ፣ «ዱሪ ዱሪ» ብለው የድሮውን ሲጀምሩ ኦብሳ እንኳ ጀርባዬ ላይ ጸጥ ይላል።

በነሐሴ አንድ ማታ የነገሩን ይህን ነው። አንድ ማር ቆራጭ ከዛፍ ወድቆ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ቢጮህ ሰሚ የለም። በሦስተኛው ቀን አንዲት ጅብ መጥታ ቁልቁል ታየዋለች። «ላውጣህ፤ አንተ ደግሞ ልጆቼን ትጠብቅልኛለህ» ትለዋለች። «እስከ መቼ?» ይላታል። «ጥርስ እስኪያወጡ።» ጥርስ ለማውጣት ስንት ጊዜ ይፈጃል ብሎ ደስ ይለውና «እሺ» ይላል። ጎትታ አወጣችው። ዋሻዋ ገብቶ ጠበቀላት። ልጆቹ ጥርስ አወጡ። ሊሄድ ሲነሳ ጅቧ ሌሎች ወልዳለች። «እነዚህም ልጆቼ ናቸው» አለችው።

«እነዚያ ሲያወጡ ሌሎች፣ እነሱ ሲያወጡ ደግሞ ሌሎች» አሉ አባባ ለሜሳ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ። «ፂሙ መሬት ነካ። ሚስቱ ሞቷል ብላ ተዝካሩን አወጣች። እሱ ግን አሁንም እዚያው ነው። ሶር ፏፏቴ አጠገብ ያመሸ ሰው ይሰማዋል፤ ‹አወጡ? ጥርስ አወጡ?› እያለ ሲጠይቅ።»

«ለምን አያመልጥም?» አልኩ። በዚያ ቤት ማንም ሳይጠይቀኝ ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

«ቃል ሰጥቷላ፣ ኢንተላ ኮ!» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

በዚያው ቅጽበት እትዬ አስካለ ማንቆርቆሪያውን ከምድጃው ልታነሳ ጎንበስ አለች፤ የፍሙ ብርሃን ቀሚሷ ላይ አረፈና ሆዷን አየሁት። እስከዚያ ማታ ውፍረት ይመስለኝ ነበር። አፍጥጬ ስቀር ያዘችኝ።

«ምን ታፈጫለሽ? አዎ፣ ለኦብሳ ታናሽ እየመጣለት ነው። አንቺ ብቻ ጀርባሽን አጠንክሪ!»

ሁለቱም ሳቁ። ነጠላው ደረቴ ላይ ጠበበኝ። ያን ማታና ከዚያ በኋላ ብዙ ማታ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው በውስጡ የሰው ድምፅ እሰማ ነበር።

አባቴ በየእሑዱ ይደውላል። «ልጁ ሄደ?» ይላል፤ ስልኩ ጮክ ስለሚል ለኔም ይሰማኛል። «ገና ነው! የኛ ዘር ሰነፍ ነው መሰለኝ» ትለዋለች እትዬ፤ እሱም ይስቃል። ከዚያ ስልኩን ትሰጠኛለች። «በርቺ» ይለኛል፤ «እሺ» እላለሁ። ልክ እንደዚያ ማር ቆራጭ።

ከጥቂት ቀን በኋላ የጎረቤት ልጅ፣ ከኦብሳ በወር የምታንስ፣ ደረቷ ድረስ ጭቃ ተለውሳ በእግሯ ዶሮ ስታባርር አየሁ። እናቷ ሥራ ሲበዛባት መሬት ላይ ነበር የምትለቃት። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ኦብሳ የማይሄደው እኔ ስለማዝለው ነው። የታዘዝኩትን በደንብ በሠራሁ ቁጥር የምለቀቅበት ቀን እየራቀ ነበር።

ከሻይ ቤቱ ጀርባ ማገዶ የሚከመርበት ዳስ አለ። እዚያ ጆንያ አነጠፍኩና በስርቆት አወረድኩት። እግሮቹ እንደ ጨርቅ ተጣጠፉ። በየቀኑ፣ እትዬ ሻይ ስትቀዳ፣ በብብቱ ይዤ አቆመዋለሁ፤ አንድ ጆሮዬ ግን ኮቴዋ ላይ ነው። ብትይዘኝስ? ብርድ መትቶት ቢሞትስ? ሌሊት ሲያስለው ገደልኩት እያልኩ ትንፋሹን እቆጥር ነበር። ጳጉሜ ላይ አንድ ጠዋት ለቀቅኩት፤ ቆመ፤ ተንገዳግዶ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እርምጃ ወደኔ መጣ።

«እትዬ! ሄደ! ኦብሳ ሄደ!» ብዬ ጮህኩ።

ስትደርስ እሱ በቂጡ ጭቃው ውስጥ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። ጆንያውን አየች፣ ባዶ እግሩን አየች፣ ከዚያ ጥፊዋ ፊቴ ላይ አረፈ። «ልጄን ልትገድዪብኝ ነው! የታል የሄደው?» ኦብሳን ባቆመው አልቆም አለኝ። ብለምነው አልቆም አለኝ።

ጩኸቱን ሰምተው አባባ ለሜሳ በከዘራቸው ተደግፈው መጡ። «ለምንድን ነው ያወረድሽው?» አሉኝ። ዋሽቼ ለማምለጥ አሰብኩ፤ አፌ እውነቱን አወጣው። «እንዲሄድ። ካልሄደ ቤቴ አልገባም።»

 ወደ ምራታቸው ዞሩ። «ስታመጫት ቀን አልቆረጥሽም?»

«ለዘመድ ቀን ይቆረጣል እንዴ፣ አባባ? ሰው ምን ይለኛል?»

«እኔን የተረቴን ጅብ አደረግሽኝ እኮ» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ።  «የመስቀል ማግስት» አሉ፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው። «ልጁ ሄደ አልሄደ፣ ዘነበ አልዘነበ፣ የመስቀል ማግስት እኔው ራሴ አደርሳታለሁ።»

ቀን ከተቆረጠልኝ በኋላ ፍርሃቱ የሚለቀኝ መስሎኝ ነበር፤ ግን መልኩን ነው የለወጠው። ሽማግሌው ሲያስላቸው ቀኑ ሳይደርስ እንዳይሞቱ እጸልያለሁ፤ ዝናብ ሲበረታ መንገዱ እንዳይዘጋ እሰጋለሁ። ኦብሳ በመስከረም መጀመሪያ ግቢውን እየተንገዳገደ ሲዞር ማንም ምንም አላለም። እትዬ አኩርፋ፣ በቃል ሳይሆን በእጇ እየጠቆመች ታዘኝ ነበር። የመስቀል ማግስት አባባ ለሜሳ ንጹሕ ጋቢያቸውን ለብሰው ሚኒባስ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ፤ በራችን ድረስ አምጥተው ለእናቴ አስረከቡኝ።

በማግስቱ አባቴ ትምህርት ቤት ወሰደኝ። የሚመዘግቡት መምህር መዝገቡን ዘግተውት ነበር። «ካለቀ ሳምንት ሆነው እኮ፤ ቀኑ በሩ ላይ ተለጥፎ ነበር» አሉ፣ አዝነው። አባቴ ሄዶ ወረቀቱን አነበበው። ዝናብ ቢያጥበውም ቀኑ ይነበባል፤ በትልቁ ተጽፏል። ያኔ አባቴ ሲያፍር ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ያን ዓመት ቤት ዋልኩ። በሚቀጥለው በዕድሜ ከሚያንሱኝ ልጆች ጋር ተቀመጥኩ፤ እየተጎተትኩ ሰባተኛ ደረስኩና ቀረሁ።

ከዚያ ዘመን የቀረኝን ሳስብ፣ ጥፊውም ጭቃውም ርቆኛል። ያልራቀኝ ማንም አለመዋሸቱ ነው። እትዬ አስካለ ቃሏን አላፈረሰችም፤ አባቴም አልሸጠኝም። ሁሉም ይወዱኝ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ልቀር ነበር።

ዘንድሮ ባለቤቴና እኔ እዚሁ መቱ አንዲት ክፍል ልንከራይ ሄድን። አከራይዋ ደግ ሴት ናቸው። «ልጄ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ኑሩበት። ለኛ ምን ወረቀት ያስፈልገናል? እንደ ልጆቼ አይደላችሁ?» አሉ። ባለቤቴ እያመሰገነ ቁልፉን ሊቀበል እጁን ዘረጋ። እኔ በሰው ፊት ብዙ አልናገርም፤ ግን ልጄን ታቅፌ «እትዬ፣ ቀኑን ይንገሩኝ» አልኩ። ፊታቸው ጠቆረ። «አላመንሽኝም ማለት ነው?» አሉ። ልጄን ወደ ሌላው ክንዴ አዛውሬ ጠበቅኩ። በጣታቸው ቆጠሩና «እንግዲያው ታኅሣሥ ሠላሳ ትለቃላችሁ» አሉ፤ ወረቀትም አስመጡ።

ባለቤቴ ቢያንስ ዓመት ጠብቆ ነበር፤ የተሰጠን ግን ሦስት ወር እንኳ አልሞላም። መንገድ ላይ «ምነው ዝም ብትዪ ኖሮ» አለኝ። ያን ሌሊት እሱ ሲገላበጥ አደረ። እኔ ተኛሁ።