«ሼባው መጣ» ያልኩ ቀን

የልጅ ልጆቼ ትናንት ጓዳ ሲሳሳቁ ደረስኩ። ታናሿ ታላቋን «ሼባው ሳይመጣ ላሽ እንበል» ስትላት ሰማሁ። ሼባው አባቷ ነው፤ የኔው ልጅ። በሩ ሥር ቁጭ አልኩ።

«እማማ፣ ምን ሆኑ? ይንገሩን እንጂ!»

እናንተ ያወጣችሁት መስሏችሁ ነው እንጂ ልጆቼ፣ ይኼን ቃል እኔ ሰበታ ላይ የተናገርኩት ገና ጡቴ ሳያጎጠጉጥ ነው።

ያስተማረችኝ የአክስቴ ልጅ ነበረች። አዲስ አበባ ትማርና ክረምት ሲገባ እኛ ዘንድ ትመጣለች። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ አስተማሪዬ እሷ ናት። ኪሱ ባዶ የሆነ «ቺስታ»፣ ሀብታሙ «ሞጃ»፣ ከተማ ያላየ «ፋራ»። «እኔስ ምንድን ነኝ?» ስላት፣ «አንቺማ የፋራ ፋራ ነሽ፤ ግን በኔ እጅ ትድኛለሽ» ትለኛለች። ላሟን ሳልብ እንኳ «አንቺ ሞጃ፣ እግርሽን ሰብስቢ» እላት ጀመር።

ጳጉሜ ላይ ለእንቁጣጣሽ ቄጠማ ልናጭድ መስክ ወረድን። መስኩ የባለርስቱ ነው፤ ቤታችን የቆመበትም መሬት የሳቸው፤ እኛ ጭሰኞች ነን። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል፤ የታጨደው ቄጠማ ሽታ አፍንጫ ይሞላል። ዛሬ እዚያ ፋብሪካ ቆሟል፤ ሽታውም ሌላ ነው።

የባለርስቱን ጂፕ ጭቃ ይዞት ኖሮ ከሾፌራቸው ጋር በእግር መጡ። ቀና ስል ባርኔጣቸውን አየሁ።

«ላሽ እንበል! ሼባው መጣ!» ብዬ ጮህኩ።

የአክስቴ ልጅ በረረች። የኔን እግር ጭቃው ያዘው።

ባለርስቱ ደግሞ ሽበታቸውን በቀለም የሚያጠቁሩ ሰው ናቸው። ወደ ሾፌራቸው ዞሩ። «ምን አለች?»

ሾፌሩ መርካቶ ያደገ ጎረምሳ ነው፤ ሳቁ አመለጠው።

«ተናገር እንጂ!»

«ጌታዬ... ሽበታሙ ሽማግሌ መጣ፣ እንጥፋ... ማለቷ ነው።»

ቢመቱኝ በተሻለኝ። «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። የአባቴን ስም ጠራሁ። «ንገሪው፤ ከበዓሉ በኋላ ጎጆውን ነቅሎ ይሂድልኝ» አሉና ሄዱ።

አባቴ ከጎተራው ሥር ተሸጉጬ አገኘኝ። የሆነውን ነገርኩት። ከዚያ «ሂንሶዳቲን» አለኝ፤ አትፍሪ ማለቱ ነው፤ የሆዱን የሚናገረው በኦሮምኛ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ወጥቶ ዋለ። ውሻ በጮኸ ቁጥር ቤታችንን ሊያፈርሱ የመጡ ይመስለኛል። እናቴ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችኝም፤ ምስር ትለቅማለች። ሰፌዱ ኮሽ ባለ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል። ብትመታኝ ምናለ እያልኩ እዚያው ጎተራ ሥር እንቅልፍ ወሰደኝ።

ስነቃ አባቴ ተመልሷል። ደጃፋችን ላይ ያልነበረ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ተቀምጧል። «ለእግር መታጠቢያ ይሆነናል» አለ። «እንኖራለን፤ በዓል ነውና ማሩን።» አንገቱ ተልጦ ነበር። እንጨት ስሸከም ነው ስላለኝ ቅቤ ቀባሁለት።

ልጅነቴን ሙሉ በዚያ ድንጋይ ላይ እግሬን ታጠብኩ፤ አባቴ ራሱ ውሃ እያፈሰሰልኝ። የአክስቴ ልጅ «የፋራ ዙፋን» ብላ ስም አውጥታለት ስንስቅ እሱም አብሮን ይስቅ ነበር።

ስንት ዘመን አልፎ፣ በአባቴ አርባ ያ የባለርስቱ ሾፌር ሊያጽናናን መጣ። እሱም ሼባ ሆኗል። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ድንጋዩን አይቶ ቀጥ አለ።

«ይኼ ዛሬም አለ?» አለኝ። «አባትሽ ያን ቀን ይኼን አንገታቸው ላይ ተሸክመው፣ 'ልጅ ናት፣ ጥፋቱ የኔ ነው' እያሉ ከማለዳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በጌታው ደጅ ተንበረከኩ። ጌታው በስንት መከራ 'ምሬሃለሁ' አሉ። 'ድንጋይህን ግን ከደጄ አንሳ' ሲሏቸው፣ መልሰው ተሸከሙት።»