ደሜ የረጋ ለት

በደርግ ጊዜ ነው። አራዳ፣ ከጊዮርጊስ በታች ስንኖር፣ በቀበሌው የስኳር ሰልፍ ላይ ያልተጣላሁት ሰው አልነበረም። አማቴ እማማ ጥሩነሽ «የዚች ልጅ ደም ሁልጊዜ እንደፈላ ነው» እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ ያሙኝ ነበር፤ ጠቤ እንዲበርድም ለጊዮርጊስ ተስለው ነበር።

ታዲያ አረገዝኩ ብዬ ስደሰት ፅንሱ ከማህፀን ውጭ ተገኘና በኦፕራሲዮን ወጣልኝ። ሐዘኑ ሳይለቀኝ በሳምንቱ ደግሞ እዚያው ሆስፒታል እንደተኛሁ ግራ እግሬ አበጠ። ዶክተሩ እግሬን አገላብጦ አየና «ደምሽ ረግቷል» አለኝ።

ሊያስታምሙኝ አጠገቤ የተቀመጡት እማማ ጥሩነሽ ከወንበራቸው ብድግ ብለው እልልታውን አቀለጡት።

«ተመስገን! ስለቴ ሰመረ! ለጊዮርጊስ ጃንጥላ አስገባለሁ!»

ክፍሉ ውስጥ ያለ በሽተኛ ሁሉ «እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ። እኔ ስፌቴ እንዳይተረተር ሆዴን ይዤ ከሳቄ ጋር ትግል ገጠምኩ።

ዶክተሩ ግራ ገባው። «እማማ፣ የረጋው ደም ወደ ሳንባዋ ከሄደ እኮ ይገድላታል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት አሁኑኑ እንጀምርላታለን።»

እልልታው ቀጥ አለ። እማማ ጥሩነሽ የአልጋዬን ብረት ጨበጡና እንባቸው መጣ።

«ኧረ በጊዮርጊስ፣ ጓድ ዶክተር! ደሟን እንደ ድሮው ያፍሉልኝ፤ ጠቧን እኔ እችለዋለሁ!»